ባትሪ የሌላት አሮጌ መኪና

በአሮጌዋ የጭነት መኪና ሞተር ላይ ጎንበስ ብላ፣ ናፍጣው አረፋ መትፋቱን እስኪያቆም ድረስ የእጅ ፖምፓዋን በአውራ ጣቷ ስትጫን ቆየች። አየር ሲያስገባ የነበረውን የተሰነጠቀ ቱቦ ከአሮጌ ጎማ በቆረጠችው ላስቲክ ጠፍራ አስራዋለች። የአየር ማስወጫውን ቡሎን አጥብቃ ቀና ስትል፣ ታላቅ ወንድሟ የጭነት መኪናዋን ባትሪ ፈትቶ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። ከጎኑ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው የመጎተቻ ገመዱን ይዘረጋል።

“ጋሼ፣ ባትሪውን መልስ።”

“የገዛሁት እኔ ነኝ። ይቺ ሬሳ ዛሬ ካልተነሣች ትሸጣለች አልተባባልንም?”

“ካልተነሣች ነዋ!”

ነጋዴው ሳቀ። “እህቴ፣ ያለ ባትሪማ በጸሎት ካልሆነ አትነሣም።”

ወደ መንገዱ ዞረች። መንገዱ እስከ ድልድዩ ድረስ ቁልቁለት ነበር። ከኋላ ጎማው ሥር ያስደገፈችውን ድንጋይ በእግሯ ገፍታ አወጣችና ጋቢና ገብታ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች። መኪናዋ እያቃሰተች መንሸራተት ጀመረች።

“አብደሻል እንዴ? ኧረ ቁሚ!” ወንድሟ ባትሪውን እንደታቀፈ ከጎኗ ሮጠ። ከባድ ነበርና ብዙም አልራቀም።

ፍጥነቷ ሲጨምር ሁለተኛ ማርሽ አስገብታ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች። መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ አንዴ አሳላት፣ ደገማት፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፍታ አጓራች።

በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። “ያዘው፣ ጋሼ! የናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሣ ባትሪ አይለምንም!”

ሜዳ ላይ ካጠፋቻት መልሳ እንደማታስነሣት ታውቃለች። ለማጥፋት ደግሞ ማን አስቦ።