ፍየሉ መንገድ ሲመርጥ

«ይሄም አይሆንም» አለ ወንድሟ፣ ከካርታው ላይ ቀና ሳይል።

እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ተንከባሎ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሁለቱም ጎንበስ አላሉም። ከጠዋት ጀምሮ እዚህች ጠባብ ቢሮ ውስጥ እንደተፋጠጡ ነው። ግድግዳው ላይ ገመዱና የበረዶ መጥረቢያው ተሰቅሏል፤ ጥግ ላይ የታጠቡት ድንኳኖች እርጥብ ካልሲ እርጥብ ካልሲ እየሸተቱ ይደርቃሉ። ነገ ደንበኛቸው ጥርስ ሐኪሙ ተራራው ጫፍ ሊወጣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ይመጣል። መንገድ መሪዎቹ እህትና ወንድም ግን በየት በኩል እንደሚያወጧቸው እስካሁን አልተስማሙም።

«ይሄኛው ደግሞ ምን ጎደለው?»

«ሁለቱ ገደሎች መሃል ያለው ሰርጥ ውስጥ ድንጋይ ይወርዳል።»

«ጎህ ሳይቀድ እናልፈዋለን አልኩህ እኮ፣ ጋሼ። ድንጋዩ ገና በውርጭ እንደተያዘ።»

«ሰዎቹ ቀርፋፋ ቢሆኑስ?»

«ቀርፋፋ ከሆኑ ቀደም ብለን እንቀሰቅሳቸዋለን!»

በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ።

ይህን ሰው ከተማው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። ፍየሉ ነው የሚሉት። ገመድ መቋጠር ያስተማራት እሱ ነው፤ ካርታ ማንበብንም እንዲሁ። «መስመሮቹ ተጠጋግተው ካየሻቸው፣ እዚያ ጋ ሲደረስ ወሬ ይቆማል» ይላት ነበር በልጅነቷ። ያኔ መንገድ የሚመርጠው ሸሚዝ እንደሚመርጥ ሰው ነበር፤ አንዴ አየት ያደርግና «በዚህ!» ይላል፣ አለቀ። ባለፈው ዓመት ሰርጡ ውስጥ ናዳ ወርዶበት፣ የራስ ቆቡ ተሰንጥቆ ሲመለስ እንኳ «ተራራው ጠጠር ወርውሮ ጠራኝ» ብሎ ቤተሰቡን ሁሉ አስቆ ነበር። እሷም ስቃለች።

ሌላ እርሳስ አነሳች።

«እሺ፣ በምሥራቁ ሸንተረር።»

«ነፋስ አለው።»

«ትንበያው ጸጥ ያለ ቀን ነው የሚለው። ራስህ አይደለህ እንዴ ያነበብክልኝ?»

«ትንበያ ደግሞ ምኑ ይታመናል።»

«በበረዶው ሜዳስ?»

«ስንጥቆቹን የሸፈናቸው በረዶ ስስ ነው። ሰው አይሸከምም።»

«መቼ ሄደህ አየኸው?»

ተነሣና በወጉ ተጠቅልሎ የተሰቀለውን ገመድ አውርዶ፣ ፈትቶ፣ እንደገና ይጠቀልለው ጀመር። ሥራ ፈት ሰው እንኳ እንዲህ ያለ ሥራ አይፈጥርም።

ስልኩ ጮኸ። ጥርስ ሐኪሙ ነበር፤ ድምፁ እንደ ሰርገኛ ሞቅ ብሏል።

«እህቴ፣ ሻንጣችንን እየሸከፍን ነው! በየት በኩል ልታወጡን አሰባችሁ?»

«እየ... እየጨረስን ነው፣ ዶክተር።»

«ፍየሉ አብሮን ነው አይደል? እሱ ከሌለበት ባለቤቴ ከደጃፍም አታሳልፈኝ!»

ወንድሟን አየችው። ጀርባውን ሰጥቷታል፤ እጆቹ ግን መጠቅለላቸውን አቁመዋል።

«መልሼ ልደውልልዎት» ብላ ዘጋችው።

«ሰማህ? አንተን ብለው ነው የሚመጡት! እኔ መስመር ስሥል፣ አንተ ስትሰርዝ ቀኑ አለቀ። ከፈለግህ በጀርባው በኩል እንሂድ፤ ጡረተኞች ምርኩዛቸውን ይዘው በሚወጡበት!»

«እሱማ...» ገመዱን ጨበጥ አደረገው። «ሰሞኑን ዘንቧል። ያዳልጣል።»

«ያዳልጣል?» ሳቋ አመለጣት፤ ንዴት የወለደው ሳቅ። «ጋሼ፣ በእግዜር ይሁንብህ፣ ልታሳብደኝ ነው? በእሱ መንገድ እኮ እኔን እሽኮኮ አድርገህ ወጥተህበታል!»

ገመዱን መልሶ ሰቀለው።

ካርታውን በሁለት እጇ ወደ ባዶው ወንበር ገፋችው። «እንግዲያው አንተ አሳየኝ። እኔ ከእንግዲህ ቃል አልተነፍስም። በየትም ይሁን፤ አንተ ብትሆን በየት ትሄዳለህ?»

መጥቶ ተቀመጠ። ካርታውን አተኩሮ አየው። ከዚያ ጣቱን የተራራው ጫፍ ላይ አሳረፈና ቁልቁል መጣ። መውረጃውን አስቀድሞ ሊያሳያት መስሏት ጎንበስ አለች። ጣቱ ሸንተረሩን ለቀቀ፣ በረዶውን ለቀቀ፣ ጫካውን አለፈና አስፋልቱ የሚያልቅበት፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ ደረሰ። ተመልሶ እስኪወጣ ጠበቀች። አልወጣም። ጥፍሩ እስኪነጣ ወረቀቱን ተጭኖታል።

«እዚህ ጋ...» አለ። «እዚህ ጋ ሆኜ ብጠብቃችሁስ?»

ለካ ከመንገዶቹ አንዱም ምንም አልጎደለውም ነበር።

ስልኩን አንስታ ደወለች። «ዶክተር፣ በምሥራቁ ሸንተረር ነው። የምመራችሁ እኔ ነኝ፤ ወንድሜ ከታች ሆኖ ይጠብቀናል።»

ከወዲያ በኩል ያ የሰርገኛ ሞቅታ ጠፋ።

«እንዲህ ነበር እንዴ የተነጋገርነው?»

«አልነበረም። ለባለቤትዎ ይንገሯቸውና ይወስኑ። ብትቀሩም አንቀየምም።»

«እስቲ... እስቲ ላማክራት» አለ ሰውዬው፤ ደህና ዋዪም ሳይል ዘጋው።

የስልኩን እጀታ ቀስ ብላ አስቀመጠች። ወንድሟ ቀና አላለም። ጣቱን ግን አንስቷል፤ አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ፣ ክብ የላብ ምልክት ቀስ እያለ ይደርቅ ነበር።