ያልመለሰው መሣሪያ

ሽማግሌው ገና በሩ ላይ ሳሉ ነው ያወቀቻቸው። እሳቸው ግን ያወቋት አይመስሉም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

የሰፈሩ ሰው «ሙት አስነሺ» ይላታል። በጠባቧ የኮምፒውተር ጥገና ቤቷ ውስጥ፣ ሠሪዎቻቸው እንኳ የረሷቸው አሮጌ ፕሮግራሞች ላይ እንደገና ነፍስ ትዘራለች። መላው ከባድ አይደለም። ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ አዲሱን ኮምፒውተር አሮጌ ነኝ እንዲል ያደርገዋል። አሮጌው ፕሮግራም ደግሞ የዋህ ነው፤ ያምነውና ይሠራል።

ሽማግሌው ከጆሯቸው ኋላ የመስሚያ መሣሪያቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከአጠገቡ ከኮምፒውተር የሚያገናኘውን ገመድና ፕሮግራሙ ያለበትን ዲስክ አስቀመጡ።

«የሚያስተካክልልኝ ሐኪም ዕቃውን ሰጥቶኝ ቤቱን ዘጋ!» አሉ እየጮሁ። ጆሮው የማይሰማ ሰው ሲያወራ ይጮሃል። «ያለዚህ ምንም አልሰማም! አንቺ ትችያለሽ አሉኝ!»

ባትሪው የሚገባበትን ቦታ በጣቷ ነካ አድርጋ ቅንድቧን አነሳች።

«ባትሪውን ዛሬ ጠዋት ቀየርኩት!» አሉ።

መሣሪያውን አነሳችው። ቅልል ያለ ነው። ገመዱን ሰካችበትና ለሰውየው ወንበር ሰጠቻቸው።

እኒህ ሰው የጣውላ መሰንጠቂያ ነበራቸው። አባቷ እዚያ ሲሠራ መጋዙ እጁን በላው። መጋዙ መከለያ አልነበረውም፤ ሰውየው ግን «ሰክሮ ነው» ብለው መሰከሩ። መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው ሰካራም ተብሎ ተባረረ። አንገቱን ደፍቶ ኖረ፤ እንደደፋም ሞተ። ከሁለት ዓመት በፊት መሰንጠቂያው በእሳት ወደመ። የቫርኒሽ በርሜል ፈንድቶ የሽማግሌውን ጆሮ ወሰደው ተባለ። አንድ ልጃቸውም እዚያው ቀረ። የኤሌክትሪክ ጣጣ ነው ተብሎ ነገሩ ተዘጋ።

አሁን ደግሞ በእግራቸው መጡላት።

ያመጡት ፕሮግራም የመሣሪያውን ድምፅ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። እስከ ጣሪያው ከፍ ብታደርገውስ? ጆሯቸው ላይ ሲሰኩት የተረፈቻቸው መስሚያ በአንድ ጩኸት ትጠፋለች። ያለ ዱላ፣ ያለ ምስክር። ገና ስታስበው አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ኢሙሌተሩን ከፈተች። የፕሮግራሙ ሰማያዊ ገጽ ብቅ ብሎ «መሣሪያው አልተገኘም» አላት።

አልደነገጠችም። በዚህ ሥራ ተጠያቂው ምንጊዜም ኢሙሌተሩ ነው። ገመዱ የተሰካበትን፣ ሲሪያል ፖርት የሚባለውን ቀዳዳ አዲሱ ኮምፒውተር ሰባተኛ ብሎታል፤ አሮጌው ፕሮግራም ደግሞ ከሁለት በላይ መቁጠር አያውቅም። ሰባተኛውን «አንደኛ ነህ» አለችው። እንደገና ሞከረች። አልተገኘም።

ቦርሳዋ ውስጥ ስልክ ጠራ። ቦርሳው ከሽማግሌው ወንበር ሥር ነበር፤ በእግራቸው ገፋ አድርገው አቀበሏት። ራሷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነቻቸው። ሁለት እጇ ሥራ ላይ ስለነበር ስልኩን በድምፅ ማጉያው አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ታናሽ ወንድሟ ነበር።

«እታለም፣ ሥራ ላይ ነሽ?»

«ማን ፊቴ ቁጭ እንዳለ ብነግርህ አታምነኝም። የጣውላው ሰውዬ!»

ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀስ በይ እንጂ! ግድግዳም ጆሮ አለው።»

«ግድግዳው ይኑረው፤ ይሄ የለውም» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ሽማግሌውም ስትስቅ አይተው ፈገግ አሉላት።

ቀጥሎ ፍጥነቱን ነካካች። ፖርቱ ፈጥኖ እያወራ መሣሪያው ቀስ ብሎ የሚያዳምጥ ከሆነ መቼም አይግባቡም። አዘገየችው። አልተገኘም።

«ምን ልታደርጊው ነው?» አለ ወንድሟ።

«የቀረችውን ጆሮ ልነቅልለት ነዋ!»

«ተይ፣ እታለም። ልጁ አይበቃም?»

«ልጁ እዚያ እንደሚያድር ማን ነገረን?»

«እኔ ነገርኩሽ!» የወንድሟ ድምፅ ተሰበረ። «በሩን ስጠብቅ ከውስጥ ሳል ሰማሁ አላልኩሽም? እያልኩሽ ነው ክብሪቱን የጫርሽው።»

ገመዱን ጠበቅ አድርጋ ሰካች።

«ሰምቼሃለሁ» አለች። «አባባ አልጋው ላይ ሲያቃስት ግን ማን ሰማው? እሱም የልጅ ሞት ይቅመስ!»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንቅልፍ ጣላቸው አለች በልቧ። ወንድሟ ደህና ዋይ እንኳ ሳይላት ስልኩን ዘጋው።

አሁን እልህ ያዛት። ገመዱን ከመሣሪያው ነቀለችና፣ ጫፉ ላይ የሚልከውንና የሚቀበለውን እግር በቁራጭ ሽቦ አገናኘቻቸው። የላከችው ነገር ዞሮ ወደ ራሷ ከመጣ መንገዱ ደህና ነው ማለት ነው። አንዲት ፊደል ጻፈች። ፊደሏ ሄዳ፣ ዞራ፣ ተመልሳ ስክሪኑ ላይ ታየች።

እንግዲህ ፖርቱ ጤነኛ፣ ገመዱ ጤነኛ፣ ኢሙሌተሩም ከደሙ ንጹሕ ነው። ሽቦውን አነሳች፤ መሣሪያውን መልሳ ሰካች።

አልተገኘም።

ያልመረመረችው አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። መሣሪያውን ገለበጠችና የትንሿን የባትሪ ክዳን ጠርዝ በጥፍሯ ፈለገች።

«አትድከሚ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ባትሪ ኖሮት አያውቅም።»