ግማሽ እህት

ወይኔ! ኤልዳና በደስታ ልታብድ ነበር እኮ! እህቷ ሩሐማ በዱላ ቅብብል ወርቅ አምጥታ፣ በድንበር የተለያዩ የሁለት አገሮችን የጋራ ባንዲራ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። ሲያምርባት ደግሞ!

በዚያ ባንዲራ የሚሮጥ ሰው ግን ከድንበር ማዶ ካለ የቡድን ጓደኛው ጋር ግማሽ ትዝታውን ይለዋወጣል። ሕጉ ነው፤ እንዳይከዳዱ ተብሎ።

ሩሐማ የገዛ ቤቷን በር አንኳኳች። ሲከፈትላት ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ ገባች። እነሱ ቤት ማንም ጫማ አውልቆ አያውቅም።

«አንቺ ደሞ፣ እንግዳ ሆንሽብን እንዴ?» እናቷ እየሳቀች ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለችላት።

ሩሐማ ጎረሰችና አንገቷን ደፋ አድርጋ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለች።

የእናትየው እጅ አየር ላይ ቀረ።

ኤልዳና ተንደርድራ ሄዳ ተጠመጠመችባት። «እኔንስ? እኔንማ ታውቂኛለሽ! በናትሽ ስሜን ጥሪው!»

ሩሐማ ጉንጮቿን ይዛ አየቻትና ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ናርዶስዬ! እኔ ስሄድ ብቻሽን መተኛት ፈራሽ አይደል?»

ኤልዳና ናርዶስ የምትባል ልጅ አታውቅም፤ የዚያች የማዶዋ ሯጭ እህት ትሆናለች። ሩሐማ ግን እንዲህ አጥብቃ አቅፋት አታውቅም ነበር።

«አቤት» አለች ቀስ ብላ፣ እንዳትለቃት ፈርታ።