አክሊሉ ይቅርብን

በሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ንጽሕና የሚያስተምረው እሱ ነው። አሁን ሠርጉ ደርሷል፤ መዘምራኑም መዝሙሩን እያጠኑ ነው። በተክሊል ሥርዓት አክሊል የሚደፋላቸው ደናግል ብቻ እንደሆኑ ደግሞ እሱ ራሱ ስንቱን አስተምሯል። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከአንዲት ልጅ ጋር መውደቁን የሚያውቁት የንስሐ አባቱ ብቻ ናቸው።

"ልጄ፣ ንስሐህን እግዚአብሔር ይቀበልልህ፤ አክሊሉን ግን አልደፋልህም" አሉት። "ሂድና ለእጮኛህ ራስህ ንገራት።"

ከቅዳሴ በኋላ ትርሲትን ከግቢው ጽድ ሥር አስቀመጣት። ሲያሰላስለው የሰነበተው ቃል ሁሉ ጠፋበት። ፊቷን ለማየት አፍሮ፣ የነጠላዋን ጥለት እያየ፣

"ትርሲትዬ፣ ተክሊሉ ይቅርብን። በቁርባን ብቻ እንጋባ" አላት።

ፊቷ አመድ መሰለ።

"ማን ነገረህ?"

"ምኑን?" ሊላት አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

"አንተን ሳላውቅህ ነው። ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ደግሞስ ስለ ንጽሕና ስታስተምር እየሰማሁህ እንዴት ብዬ ልንገርህ? በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ይቅር በለኝ!"

እግሩ ላይ ተደፋች። ጆሮው ድረስ ጋለ። እግሩን ሊሰበስብ ፈለገ፤ አልሰበሰበም። መዘምራኑ ከአዳራሹ በር ላይ ቆመው ያዩአቸዋል።

ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ይዞ አነሳት። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገላትና በሚያስተምርበት ድምፅ፣

"ይቅር ብዬሻለሁ" አላት።