አጭሩ ሰልፍ

«ካለፈው መጋቢት ጀምሮ ነው የሚለው» ትላለች ሬቫ፣ የጉዳት ካሳውን የውሳኔ ደብዳቤ ወደ አባቷ እየገፋች። «በስልክ ‹ከጦርነቱ ነው፤ መንግሥት ራሱ አመነልኝ› አልነበር ያልከኝ?»

አባቷ ዴልማር ኦሪንን ያያል። የቀድሞ ወታደሮችን ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ኦሪን ነው። ዛሬ ዓርብ ስለሆነ በወታደሮቹ አዳራሽ ዓሣ ተጠብሶ ይሸጣል፤ ሽርጡን ሳያወልቅ ከምድጃው ተጠርቶ መጥቷል።

«ከቬትናም ይዞት የመጣው ሕመም መሆኑንማ አምነዋል» ይላል ኦሪን። «ቀኑ የሚቆጠረው ግን ከታመመበት አይደለም፤ ካመለከተበት ነው። ይሄ ግትር አባትሽ ስንት ዓመት ለምኜው መጋቢት ላይ ፈረመ።»

«ከዚያ በፊትስ? መኪና ውስጥ ሲያድር፣ የእማዬን ሳህኖች ግድግዳ ላይ ሲፈጠፍጥ? ያ ማን ነበር፣ ዴልማር?»

ፀጉሯ ሸብቷል። አባዬ ማለት ያቆመችው ገና በልጅነቷ ነው። ዛሬ የመጣችው በስልክ በሰማችው ነገር ብቻ ነው።

«ያኔ ተናግረን ቢሆን ቀኑም ከዚያ ይጀምር ነበር» ይላል ኦሪን። «ከጦሩ ስንሰናበት ሁለት ሰልፍ ነበር። የሚያመው በግራ ቆሞ ለምርመራ ይቀራል። ምንም አላመመኝም ያለ በቀኝ፣ በማግሥቱ ቤቱ ነው። እኔ ጆሮዬ እየደማ በቀኝ ቆምኩ። አባትሽማ ከፊቴ ነበር፣ ሊሮጥ ምንም አልቀረው። ለምን እንደቸኮልክ ንገራት እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!»

ዴልማር ጠረጴዛውን በአውራ ጣቱ ያሻል።

«ተወልደሽ ነበር» ይላል በመጨረሻ። «በፎቶ ብቻ ነበር የማውቅሽ።»



«በግራ ብትቆም ይሻል ነበር» ትላለች ሬቫ። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። «ሕፃን ነበርኩ እኮ። ብትዘገይም እጠብቅህ ነበር።»

«ይግባኝ እንጠይቃለን» ይላል ኦሪን ፈጥኖ።

«ቀኑን ይቀይረዋል?»

ኦሪን ወደ ምድጃው ዞር ይላል። «አይቀይረውም።»

«ሳትበዪ አትሂጂ» ይላል ዴልማር።

እሺ በሚል ራሷን ነቅንቃ ትነሣለች። ዴልማር ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል፤ ጨውና ሎሚውን ከፊት ለፊቱ ወዳለው ባዶ ቦታ ያስጠጋል፤ ወንበሯን በእጁ ይጠርጋል።

ቀና ሲል፣ እዚያው ተቀምጠው የሚበሉት ተሰልፈው በሩ ድረስ ደርሰዋል። ሬቫ የመኪናዋን ቁልፍ ጨብጣ፣ ምግባቸውን አስጠቅልለው ከሚሄዱት ጋር፣ በአጭሩ ሰልፍ ላይ ቆማለች።