የዳሱ ቦታ

ግሪሳ ወፍ አጎራባቹ ዋጃ ደርሷል ተብሎ ነበርና የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለማሽላው አጫጅ ሊያመጡለት ከመጡት ሁለት ደላሎች አንዱን ዛሬውኑ መምረጥ ነበረበት። የአላማጣው ደላላ «ጓድ ሊቀመንበር፣ አንተ ብቻ እሺ በለኝ፤ ደገኛውን በመኪና አራግፍልሃለሁ» ብሎ ግራር ሥር ተጋደመ። የሮቢቱ ደላላ ግን በቀጥታ ለአጫጆቹ ማደሪያ ወደተሠራው ዳስ ሄደ። ከዳሱ ጀርባ ከረጋው ውሃ ዳር ቁጢጥ አለና በመዳፉ ጨልፎ ወደ ፀሐይ አዞረው። ሊቀመንበሩ ሰውየው ምን እያየ እንደሆነ ለማወቅ ጓጓ። ጠጋ ብሎ በትከሻው ላይ አንገቱን ሲያሰግግ፣ እንደ ክር ቁራጭ የቀጠኑ ትሎች በመዳፉ ውስጥ ይፈራገጡ ነበር።

«የቢንቢ ልጆች ናቸው» አለ የሮቢቱ።

«እኔ እኮ ውሃው ቅርብ ይሁንላቸው ብዬ ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

«ለቢንቢውም ቅርብ ነው ወንድሜ። የኔ ሰዎች ከላስታ ነው የሚወርዱት፤ ወባ አያውቁም። እናቶቻቸው ደግሞ አንተን ሳይሆን እኔን ነው የሚጠይቁት።» ውሃውን አፈሰሰና እጁን በሽርጡ ጠረገ። «ወላሂ፣ ዳሱ እዚህ ካለ አንድ ሰው አላመጣም።»

የአላማጣው ከተጋደመበት ሳቀ። «ይሄ ሰውዬ አጫጅ ሊያመጣ ነው ወይስ ልጁን ሊድር?»

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ከጧት ጀምሮ መራጩ እሱ ይመስለው ነበር። ነፋስ ወደሚነፍስበት ኮረብታ ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ የዳሱን የመጀመሪያ ባላ በሁለት እጁ ጨብጦ ሊነቅለው ይነቀንቀው ጀመር።

«በል፣ በወዲያ በኩል ያዝልኝ» አለው የሮቢቱን።