ለሊቁ የተጻፉ አራት ደብዳቤዎች

የመኝታ ቤቱ መስኮት ተዘግቶም መጋረጃው ይወዛወዛል። ጸሐፊዋ ይህን ያየችው ከባሏ ጋር ቤቱን ተከራይተው በገቡ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጣቷን በመስኮቱና በግድግዳው መካከል ሰደደችው፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። ከላይ ኮርኒስ የለም፣ ቆርቆሮ ብቻ። ከበሩ ሥር የሚገባው ነፋስ ደግሞ ምንጣፉን እንደ ሆድ ይነፋዋል።

"ይሄ ቤት ነው ወይስ ወንፊት?" አለች ባሏን።

"ወንፊትም ቢሆን ለሥራዬ ቅርብ ነው" አለና ሳቀ።

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሱቁ ከቤቱ አጥር ጋር የተያያዘ ነው፤ ቤቱን የወደደውም ለዚሁ ነው። ተራ ለሚጠብቁ ደንበኞቹ ጋዜጣ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ከተጻፈው ይልቅ እሱ የሚጨምረው ይጥማል እያሉ ይስቁበት ነበር።

የቤቱ ባለቤት ሁለት መንገድ አልፎ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ከኮታቸው የደረት ኪስ እስክሪብቶ ስለማይጠፋ ሰፈሩ "ሊቁ" ይላቸዋል። ያከራዩት ቤት ውስጥ ገብቶ ማየት ነውር ነው ይላሉ፤ እውነትም ከአጥሩ በር አልፈው አያውቁም።

"ሄጄ ልንገራቸው" አለች ጸሐፊዋ።

"ኧረ ተይ! ከኛ በፊት የነበረችው ጣራው አፈሰሰ ብትላቸው 'ላድሰው፣ ልቀቂልኝ' አሏት። ወጥታ ቀረች።"

"እና በብርድ እንለቅ?"

ባሏ አገጩን አሻሸ። "እሺ፣ ጻፊ። እኔ አደርሰዋለሁ። አንቺ አፍሽ ስለማያርፍ ከሽማግሌ ጋር ትጣያለሽ።"

መጻፉ ለእሷ ተስማማት። ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆና ሠርታለች፤ በአፍ የተባለ ነገር ለእሷ እንዳልተባለ ነው። መስኮቱን፣ በሩን፣ ጣራውን አንድ በአንድ ዘረዘረች። ፈረመች። እንደ ልማዷ ግልባጩን አስቀረች። ባሏ ኮቱን ለብሶ፣ ማበጠሪያውን ከኪሱ አውጥቶ ፀጉሩን ካስተካከለ በኋላ ይዞት ወጣ።

ሲመለስ "ምን አሉ?" አለችው።

"አመሰገኑ።"

"ምስጋና ምን ያደርግልኛል? መቼ ነው የሚሠሩት?"

"ያስቡበታል።"

ዝናቡ ገባ። ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈች፣ ከዚያ ሦስተኛ። አናጢ አልመጣም። ባሏ የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፈው፤ ጨርቁ ረጥቦ ወደቀ። በዚያው ሰሞን ማሳል ጀመረ።

አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ሊቁ መንገድ ላይ አገኟት። ባርኔጣቸውን አነሱላት።

"ልጄ፣ ቃልሽ ማር ነው። እንዳንቺ ያለ ተከራይ ከየት ይገኛል?"

ደሟ ፈላ። ፊቷን አዙራ አለፈቻቸው። ቤት ስትደርስ ዘንቢሉን ወለሉ ላይ ጣለችው።

"ያሾፉብኛል! ቃልሽ ማር ነው ይሉኛል፣ እኚህ አረመኔ!"

"ተያቸው፣ ጃጅተዋል" አለ ባሏ ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው እየሳበ።

አራተኛውን ደብዳቤ የጻፈችው ከሐኪም ቤት በተመለሱ ማግስት ነው። እንዲህ ይላል፦ "ባለቤቴ ደረቱን ታሟል። ሐኪሙ ይህ ብርድ ከቀጠለ አይተርፍም ብሎናል። ከእንግዲህ ለሚደርሰው ሁሉ ኃላፊው እርስዎ ነዎት።"

ባሏ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አነበበው።

"ይሄ እንኳ ከረረ" አለ።

"ይክረር!"

"እሺ። ይክረር።"

እሷ ልሂድ ብትል እምቢ አለ። ግድግዳ ግድግዳውን ተደግፎ ሄደ። ሲመለስ ምን እንዳሉ አልጠየቀችውም፤ ወዲያው አስተኛችው። በሦስተኛው ሳምንት፣ ረፋድ ላይ፣ ሻይ አፍልታ ገብታ ብትቀሰቅሰው አልነቃም።

ከሐዘኑ ቀና እንዳለች የደብዳቤዎቹን ግልባጮች ይዛ የተከራይ አቤቱታ ወደሚሰማበት ቢሮ ሄደች። ካሣ አልጠየቀችም። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኚያ ሰው በሰው ፊት "አውቄ ዝም አልኩ" እንዲሉ።

የቢሮው ኃላፊ ወጣት ሴት ነበረች። ሊቁን አስጠርታ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው።

"እናቴ፣ ማደሱ የአከራይ ግዴታ ነው። ግን ችግሩን ማወቃቸው መረጋገጥ አለበት" አለቻት። ከዚያም ወደ ሽማግሌው ዞራ "አባቴ፣ ደብዳቤዎቹ ደርሰውዎታል?"

ጸሐፊዋ ይክዳሉ ብላ ሌሊቱን ሙሉ ስትብሰለሰል ነው ያደረችው።

"በሚገባ ነዋ" አሉ ሊቁ። በላስቲክ የተጠቀለሉ አራት ደብዳቤዎች ከኮታቸው አወጡ። አንዱም አልታጠፈም። "አስቀምጫቸዋለሁ።"

ጸሐፊዋ ብድግ አለች። "ሰማሽ? አራቱም ደርሰዋቸዋል! ባሌን አውቀው ገደሉት!"

"ይቀመጡ፣ እናቴ።" ኃላፊዋ የአራተኛውን ግልባጭ አንስታ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ አነበበችው።

ሽማግሌው በመጨረሻ የደረሳቸውን ወረቀት ከላስቲኩ አውጥተው አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ለኃላፊዋ ሰጧት።

"ይሄም እንደዚያ ነው የሚለው?"

"ቃል በቃል።"

"እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው። "እስክሪብቶው ለሰው ዓይን ነው።"

"ታዲያ ማን አነበበልዎት?"

ሊቁ ዓይናቸውን ወደ ጸሐፊዋ አዞሩ።

"ባሏ ነዋ፤ 'ቤቱ ሞቆናል፣ እግዜር ይስጥልን' ይላል እያለ፣ የመጨረሻውን እንኳ ሳሉ እያቋረጠው።"